ስምንት ዓይን ያለው ሣጥን

ደገፉ ከጓዳ ሲወጣ እህቱ ጥሩነሽ የኳየር ካባዋን በአንድ እጇ ስትተኩስ አገኛት። ቀኝ ክንዷን እንደ ድንጋይ ካባው ጫፍ ላይ አስተኝታ በግራዋ ካውያውን ወዲያ ወዲህ ትገፋዋለች። እጅጌው ላይ ስትደርስ ጨርቁ ይሸሻታል፤ ትቆማለች፣ በክርኗ ትጎትተዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም። ካባው ወይን ጠጅ ነው፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጥብጣብ የዞረበት፤ ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ ጡጫ ሆኖ ከቀረ አንስቶ፣ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ከቁም ሣጥን ወጥቶ አያውቅም። ዛሬም የወጣው ሊለበስ አይደለም፤ ሊመለስ ነው።

"እትዬ፣ ልርዳሽ? እጅጌውን ልያዝልሽ።"

"ተወው፤ እጨርሰዋለሁ" አለች ቀና ሳትል።

ጉዳዩ የመጣው ረቡዕ ዕለት ነበር። ደገፉ በመጋረጃ በተከፈለው ክፍል ውስጥ፣ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግንበት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ሲበይድ፣ በር ላይ የምሕረት ድምፅ ተሰማው። ምሕረት በጥሩነሽ ቦታ ኪቦርድ የምትጫወተዋ ልጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ትሁት ናት። የዚያን ዕለት ግን ግቢ ስትባል አልገባችም። የኳየሩ መሪ ቃለሕይወት እንደላካት፣ በሚመጣው ሳምንት ጉኑኖ ከተማ ለሚደረገው ጉባኤ ሠላሳ ሁለቱም ካባዎች እንደሚፈለጉ፣ ለእሷ ለምሕረት ካባ እንዳልደረሳት፣ እህት ጥሩነሽ እንግዲህ ስለማትለብሰው ብትሰጣቸው ደግ እንደሆነ፣ በቃሏ አጥንታ እንደመጣች ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ደገፉ የመበየጃውን ብረት እንደያዘ ጆሮውን ሰጠ። እህቱ አንድ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠችበትን የኪቦርድ ወንበር ታነሳለች፣ ቃለሕይወትን ራሱን በልጅነቱ መዝሙር ያስያዘችው እሷ መሆኗን ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። ጥሩነሽ ግን "ቅዳሜ ለልምምድ ስትሰበሰቡ ታጥቦ ይመጣል" አለችና ልጅቷን ሻይ ጠጥተሽ ሂጂ ብላ ለመነቻት። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ስለ ዘይት ዋጋ፣ ውሃ ስለሚመጣበት ቀን፣ ስለ ጎረቤት ዶሮ አወሩ እንጂ ስለ ካባው አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ደገፉ አፈ ቀላል ሰው አይደለም። በቤተ ክርስቲያንም ቦታው የኋላው አግዳሚ ነው፤ ድምፁ ለመዝሙር አይሆንም፣ ግን ከሠላሳ ሰው መሃል ማን እንደሳተ ያውቃል። አምላክ ለእህቴ እጅ ሰጠ፣ ለእኔ ጆሮ ሰጠ፣ ሁለቱም ለአንድ ቤት ነው ብሎ ያምናል። ኤሌክትሮኒክሱንም ቢሆን ማንም አላስተማረውም፤ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የአባቱን ሬዲዮ ፈታ፣ ተገረፈ፣ ገጥሞ አዘፈነው፣ ከዚያ በኋላ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እሱ ይመጣ ጀመር። የእህቱ እጅ ሲበላሽ ግን የሚፈታውም የሚገጥመውም አጣ። ሐኪሙ የትከሻዋ ጉልበት ተመልሷል፣ ጣቶቿ ግን እንዲህ ይቀራሉ ብሎ አሰናበታቸው። ጣት የማይፈልግ የሙዚቃ መሣሪያ የሚባል ነገር ደገፉ ያሰበው ያኔ ነው።

ሣጥኑ የተሠራው ከአሮጌ መሳቢያ ነው። ክዳኑ ላይ ስምንት ቀዳዳ አለ፤ በየቀዳዳው ሥር ጥቁር ቀለም በተቀባ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ውስጥ አንዲት ምስር የምታህል ብርሃን የምትለይ ዕቃ ተቀምጣለች። ደገፉ ዓይን ይላታል። ሲመሽ በራሱ የሚበራው አምፖል ውስጥ ያለችው ናት፤ አምፖሉ ሲቃጠል ሰው ይጥለዋል፣ ዓይኗ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ናት። ከላይ ከአሮጌ የጠረጴዛ መብራት የተወሰደ ክንድ ጎንበስ ብሎ ያበራላቸዋል። እጅ በዓይኗ ላይ ሲያልፍና ብርሃኑን ሲከልላት፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ለአንድ ስክሪኑ ለተሰነጠቀ ስልክ ትነግረዋለች፤ ስልኩም በስፒከር ድምፅ ያወጣል። መንካት የለም፣ መጫን የለም። ቀዳዳዎቹ የተራራቁ ስለሆኑ ጡጫም ያገለግላል። አራቱ ለቀኙ ጡጫ ናቸው፣ አራቱ ለግራ እጇ። ስምንቱን ድምፆች ደገፉ የመረጣቸው እናታቸው እንሰት ስትፍቅ በወላይትኛ ከምታዜመው መዝሙር ነው፤ አምስት ድምፅ ናቸው፣ ሦስቱ ከፍ ብለው ይደገማሉ። ከሰሌዳዋና ከሽቦው በቀር የተገዛ ነገር የለውም፤ ተደምሮ የአንድ ኪቦርድ ዋጋ አሥረኛውን አይሞላም። ጥሩነሽ አራት ወር በጓዳ ተለማመደችበት። ሰው ፊት ግን አታወጣውም።

"ዛሬ አብሬሽ እመጣለሁ" አላት ጎዳሬውን ከዳጣ ጋር ሲያቀርብ። "ሣጥኑን ይዤ።"

"ካባ ለመመለስ ሣጥን ምን ያደርጋል?"

"አንዴ ያዳምጡሽ። ካልወደዱት ካባውን ሰጥተን እንመለሳለን።"

"ደጉ፣ በሰው ፊት መጫወቻ አታስይዘኝ።"

ደገፉ ጎዳሬውን ላጠላት፣ ቆራርሶ በግራዋ በኩል አኖረላት። በውጭ ባጃጅ አለፈ፣ የጎረቤት ዶሮ በደጃፉ ገብታ ወጣች። ጥሩነሽ ሁለት ቁራጭ ከበላች በኋላ ካውያው የቀዘቀዘበትን ጥግ እያየች "ስምንቱም ይሠራሉ?" አለች። ከእሷ አፍ ይህ እሺ ማለት እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሄዶ አመጣው።

ስምንቱም አልሠሩም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አሉ፤ እጇ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ዝም። እንደገና ሞከረች፣ ዝም። "አምስተኛዋ ታውራለች" አለች፣ ድምጿ ውስጥ ግን ግልግል የመሰለ ነገር ነበረ፤ እሱንም ሰማው። ጥፋቱ የራሱ ነው። እስከ ትናንት ሣጥኑ፣ ስልኩ፣ ስፒከሩና መብራቱ ሁሉ በአንድ ማከፋፈያ ከግድግዳው ነበር የሚሠሩት፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል፣ እነሱም ዳቦ ቆርሰው ይተኛሉ። ለቤተ ክርስቲያን እንዲህ አይሆንም ብሎ፣ ትናንት ሣጥኑን በባትሪ አደረገው፤ ስፒከሩንም ስልኩንም ቻርጅ ሞላቸው። ሲበይድ አምስተኛዋን በሙቀት ሳይገድላት አልቀረም። ልምምዱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ኮቱን ለበሰና ወደ ከድር ወጣ።

ከድር ገበያው ዳር የመብራት ዕቃ ይሸጣል። አባቱ ከስልጤ መጥቶ በዚያችው ሱቅ ላምባና ክብሪት ይሸጥ ነበር፤ ከድር ሶዶ ተወልዶ ወላይትኛውን እንደ ማንም ይናገራል። የተመለሱ፣ የተቃጠሉ አምፖሎችን ለደገፉ በካርቶን ያስቀምጥለታል፤ አራት ወር ሙሉ ዓይን የለቀመው ከዚያ ካርቶን ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ሱቁ በሰው ተሞልቷል፤ ከሁምቦ የመጣ ገበሬ የሶላር መብራት ዋጋ ሰምቶ ወደ ሰማይ ያያል፣ አንዲት ሴት መቶ ሰማንያ ብር ስለተባለች ማከፋፈያ ትከራከራለች። ከድር ደገፉን ሲያይ ካርቶኑን በእግሩ ገፋለት።

"ጋሽ ደገፉ፣ እኛ አምፖል እንሸጣለን፣ አንተ ዓይኑን እያወጣህ ትወስዳለህ። ዕውር አምፖል ብቻ ቀረኝ እኮ።"

ደገፉ አንድ ዓይን ብቻ እንደጎደለው፣ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት እህቱ ኳየሩ ፊት እንደምትጫወት ነገረው። ካባውንም ነገረው። ለምን እንደነገረው አያውቅም፤ ምናልባት ሦስት ቀን ዝም ብሎ ስለቆየ ይሆናል። ከድር ሴትየዋን ትንሽ ጠብቂኝ ብሎ ካቻቢቴ አነሳና አብሮት ቁጭ አለ። የመጀመሪያው አምፖል ውስጡ ከሰል ሆኗል። የሁለተኛው ዓይን እግሯ ተሰብሯል። ሦስተኛውን ሰንጥቀው በሜትር ሲለኳት፣ ከድር መዳፉን ሲከልልባት ቁጥሩ ወጣ፣ ሲያነሳ ወረደ። ሰንበሌጥ ስር እንቁላል ያገኙ ይመስል ሁለቱም ተያዩ። ደገፉ ሊከፍል ኪሱ ሲገባ ከድር አይሆንም ብሎ እጁን ያዘው።

"ይልቅ መብራት ሲጠፋስ?" አለ ከድር። "የዛሬ ሳምንት በሠርግ መሃል ነው የጠፋብን።"

"አስቤበታለሁ፤ ባትሪ አድርጌለታለሁ" አለ ደገፉ፣ ትንሽም ኮራ ብሎ።

"እሱስ ለሣጥኑ ነው፤ እኔ የምልህ…" ሲል ሴትየዋ ማከፋፈያዋን ከነገንዘቧ አፍንጫው ሥር አመጣች፤ ገበሬውም የሶላሩን ዋጋ ቀንስ አለው። ደገፉ አመስግኖት፣ ዓይኗን በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞ፣ ለባጃጅ አሥራ አምስት ብር ከፍሎ ተመለሰ። በመንገዱ ሁሉ የሚያስበው ብየዳውን ብቻ ነበር።

ዓይኗን በየዳት፤ ስምንቱም ሠሩ። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲደርሱ ኳየሩ ተሰብስቧል። ሰማያዊ የተቀቡ ትንንሽ መስኮቶች ስላሉት በቀንም መብራት ይበራበታል። ጥሩነሽ የካባውን ፌስታል በግራ እጇ አንጠልጥላ፣ በመካከሉ መተላለፊያ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያልረገጠችውን ሲሚንቶ እየረገጠች ሄደች። ሳሮ ሳሮ እየተባለ ሰላምታው በዛ፤ ሁሉም ቀኝ እጁን ይዘረጋና ትዝ ሲለው ወደ ትከሻዋ ይለውጠዋል። ቃለሕይወት ፌስታሉን በሁለት እጁ ተቀበላት፣ እንኳን ደህና መጣሽ አላት፣ ወንበር ላይ አስቀመጠውና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠላሳ ሁለት ካባና ሠላሳ ሁለት ዘማሪ ቆጥሮ የተጨነቀ ሰው ነው። ደገፉ ያን ጊዜ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከኋላ አግዳሚ ተነስቶ ወደ ፊት ወጣና አንድ መዝሙር እንዲያዳምጧት ጠየቀ። ቃለሕይወት ሣጥኑን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ የጥሩነሽን ፊት አየ። አሥር ደቂቃ ሊሰጣቸው እንደሚችል ተናገረ፤ በመጀመሪያ ግን እንጸልይ አለ።

ደገፉ ማከፋፈያውን ሰካ፣ መብራቱን አበራ፣ ሣጥኑን ከፈተ። ጥሩነሽ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ሁሉም ራሱን ዝቅ አደረገ። ቃለሕይወት ስለ ጉባኤው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታመሙት ጸለየ፤ ስለ ታመሙት ሲል ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፤ ልክ ያኔ መብራት ጠፋ። አዳራሹ ሲጨልም ሣጥኑ ጮኸ። ስምንቱም ዓይኖች በአንድ ጊዜ ጨለማ አዩ፣ ስምንት እጅ ያለፈባቸው መሰላቸው፤ ስምንቱም ድምፃቸውን ለቀቁ፣ ስፒከሩም በሙሉ ጉልበቱ ነበር። አንዲት ዘማሪ ወንበር ገልብጣ ተነሳች። ከኋላ አንድ ወጣት "የመናኸሪያ አውቶቡስ ገባ!" አለ፤ ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ደገፉ ሶኬቱን ነቀለው፤ ባትሪ ነውና ሶኬቱ ምንም አላደረገም። ስፒከሩን በኮቱ አፈነው፣ በመጨረሻ ስልኩን አጠፋው። ከድር ሊነግረው የጀመረው ያኔ ገባው። ለሣጥኑ ባትሪ አድርጎ ለብርሃኑ ረስቷል። ሃምሳ ዓመት በሶዶ መብራት ሲጠፋ የኖረ ሰው፣ እሱን ረስቷል።

"ጋሽ ደገፉ፣ ደክመዋል፤ ጌታ ይባርክዎት" አለ ቃለሕይወት ሳቁ ሲበርድ፣ እውነትም ከልቡ። "መብራት ከሌለ ኪቦርዱም አይሠራም። ለዛሬ እንበተን መሰለኝ።"

ጥሩነሽ ተነሳች። ደገፉ ወደ እሷ ማየት አልቻለም። የጫማዋን ድምፅ ብቻ ተከተለ፤ ቀኝ እግሯ ትንሽ ይጎተታል፣ በመተላለፊያው ወደ በሩ፣ ወደ ቤት። በሩ ጋ ቆመች። ትልቁን የብረት በር በትከሻዋ ገፋችው፤ ፀሐይ እስከ አዳራሹ ግማሽ ድረስ ሲሚንቶው ላይ ተነጠፈች።

"ደጉ" አለች። "ወደዚህ አምጣው። እዚህ የማይጠፋ አለ።"

ደረጃው ላይ ወንበር አወጡ፣ ሣጥኑን በሌላ ወንበር ላይ አደረጉት። ደገፉ በሣጥኑ ጎን ያለውን የብርሃን ማስተካከያ አዞረ፤ ፀሐይዋ ከጠረጴዛ መብራት ጋር አትወዳደርምና ብዙ አዞረ። ጥሩነሽ ጡጫዋን ሁለተኛው ዓይን ላይ አሳለፈች፤ ሦስተኛው ጮኸ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስላለች ጥላዋ በእጇ ሥር አይወድቅም፤ ጎረቤት ይሄዳል። ሁለት ሦስቴ ሞክራ አፏ ጥግ ላይ ፈገግታ መጣ። "እጄ ብቻ አይደለም፣ ጥላዬም አልታዘዝ አለ" አለች። ደገፉ ሣጥኑን ከኋላ በሁለት ጡብ ደግፎ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረው፣ ልክ ሰው ፀሐይ ሲሞቅ እንደሚጋደመው። ሞከረች። ሁለተኛው ሁለተኛ ሆነ።

የእናታቸውን መዝሙር ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፤ በስተቀኝ ጡጫዋ ከትከሻዋ እየተነሳ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ይወርዳል፣ በግራዋ ጣቶቿ ተዘርግተው በአየሩ ላይ ያልፋሉ፣ ምንም ነገር አይነኩም። ደገፉ በጓዳ ሲሰማው የነበረው ሌላ ነበር፤ እዚያ ግድግዳው ይመልሰው ነበር። እዚህ ግቢው ሰፊ ነው፣ ድምፁ እስከ ባሕር ዛፉ ሄዶ አልተመለሰም። መጀመሪያ ምሕረት ወጣችና ከደረጃው በታች ቆመች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ በወላይትኛ ተቀበለች። ከዚያ ሌሎቹ ከጨለማው አዳራሽ ዓይናቸውን እያሻሹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ያ አውቶቡስ ገባ ያለውም ወጣ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው እሱ ነው ለካ። ቃለሕይወት በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አጃቢ የሌለው ኳየር ሁልጊዜ ይጣደፋል፤ እነዚህ አልተጣደፉም። ጡጫዋን እያዩ ነው የሚሄዱት።

ደገፉ ብቻ ነው ወደ ላይ ያየው። ከዳሞታ ተራራ ራስ ላይ ደመና ተነስቷል፤ በሶዶ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ነው። ጠርዙ ፀሐይዋን ሊነካ ሁለት ጣት ቀርቶታል። ደመናው ከደረሰ ስምንቱም ይጮኻሉ፣ ሳቁም ይመለሳል። ለእህቱ ቢነግራት ትደነግጣለች። እጁን ከኋላው አጣምሮ በልቡ ጸለየ፣ ረጅም ጸሎት አያውቅም፤ አዝማቹን ትጨርስ፣ ጌታዬ፣ አዝማቹን ብቻ አለ። ሦስተኛው ስንኝ አለቀ። አዝማቹ ተጀመረ። የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ጠቆረ፣ የግቢው አጥር ጠቆረ፣ ጥላው በሣሩ ላይ እየሮጠ መጣ። ጡጫዋ የመጨረሻው ድምፅ ላይ ወረደ፤ ደመናውም አብሮ ወረደ።

ስምንቱም ዓይኖች በአንድ ላይ ዘመሩ። ያው አዳራሹን ያስደነገጠው ድምፅ ነው፤ አንድም ነገር አልተለወጠበትም። አሁን ግን ከመዝሙሩ መጨረሻ ላይ መጣ፣ ድምፆቹም ከመዝሙሩ የተመረጡ ናቸውና ተያይዘው ቆሙ፣ ረጅም፣ ሰፊ ሆነው። ማንም አልሳቀም። ሠላሳ ሁለቱ ዘማሪዎች እንደተለማመዱት ሁሉ "አሜን" ብለው ሳቡት፤ ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ሳቡት። ደገፉ ጎንበስ ብሎ ስልኩን አጠፋ። በዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሣጥኑ፣ ሰሌዳዋ፣ ሽቦዎቹ፤ ደገፉ ኮቱን ፈለገ፣ ኮቱ አዳራሹ ውስጥ ቀርቷል። ምሕረት ሮጣ ገባችና ፌስታሉን ይዛ ወጣች፤ ማንንም ሳትጠይቅ ወይን ጠጁን ካባ ዘርግታ በሣጥኑ ላይ አለበሰችው። ጠዋት ስንት ጊዜ የተጎተተው እጅጌ እየረጠበ ተንጠለጠለ።

ቃለሕይወት ደረጃውን ወርዶ ከጥሩነሽ ፊት ቆመ። ዝናቡ መነጽሩን እየመታው ነው። ለምሕረት እስከ ጉባኤው ሌላ እንደሚያሰፉ፣ ጨርቁ እንደማይጠፋ ለማንም ሳይሆን ተናገረ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

"እህት ጥሩነሽ፣ ነገ ለብሰሽው ነይ።"

በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። በባጃጁ ውስጥ ሣጥኑን በካባው እንደተጠቀለለ በጭናቸው መሃል ይዘው ሄዱ። ቤታቸው ሊደርሱ ሲሉ ጥሩነሽ የረጠበውን ጨርቅ በግራ እጇ ጨምቃ አየችውና ወደ ወንድሟ ዞረች።

"መብራት ከመጣ" አለች፣ "እጅጌውን ትይዝልኛለህ።"